በረዶው በጠጠረ ማለዳ

ሺጌኖ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ግን በረዶው ሊጠጥር ሲል አሁንም እንደ ልጃገረድ ልቧ ድው ድው ይላል። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ መንደሯ ቶቺናይ ላይ እንዲህ ነው፦ ቀን ፀሐይ የበረዶውን ፊት ታሟሟዋለች፤ ማታ ሰማዩ ከጠራ ብርዱ ያንኑ አድርቆ ድንጋይ ያደርገዋል። ሲነጋ እግር የማይሰምጥበት ነጭ ሜዳ ይጠብቅሃል። አጥር የለም፣ ማሳ የለም፣ የእገሌ ድንበር የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ከሥር ተኝቷል። ፀሐይ ከፍ እስክትል ድረስ ዓለሙ በሙሉ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አያድርስ! ያው ሜዳ እስከ ጭንህ ይውጥህና መሳቂያ ያደርግሃል።

ዘንድሮ ልቧ የሚመታው ለሌላ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ኢዋኪቺ ይባላል።

ኢዋኪቺ ከጋራው ባሻገር ኩሮታኒ በሚባል መንደር የሚኖር፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። በጉልምስናው ፖስተኛ ነበር። የመኪናው መንገድ በበረዶ ሲዘጋ፣ ከተጎበጠ እንጨትና ከገመድ የተሠራውን የበረዶ ጫማ እግሩ ላይ ጠፍሮ፣ ጋራውን አቋርጦ ቶቺናይ ይወርድ ነበር። እዚያ አገር እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ከደጁ ጀምሮ ለስላሳውን በረዶ በዚያው ጫማ እየረገጠ መንገድ ያወጣለታል። የተረገጠ መንገድ «ግባ» ማለት ነው። ባልተረገጠ ደጅ የሚገባ ሰው ግን ባለጌ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የሺጌኖ ባል ጌንዞ ክረምት በመጣ ቁጥር ለግንባታ ሥራ ቶኪዮ ይሄዳል። እሷ ልጇን አዝላ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ትረግጣለች፤ ፖስተኛው የባሏን ወሬ ይዞላት ይመጣል። መንገዱ ለጌንዞ ወሬ ነበር እንጂ ለኢዋኪቺ አልነበረም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ኢዋኪቺ ያኔም እሷ ቤት ሻይ ሲቀርብለት ቶሎ ጨርሶ አያውቅም።

ጌንዞ ከሞተ ቆየ። ልጇ ታካዮ ሴንዳይ ከተማ ይኖራል። «እማ፣ ጉልበትሽ ታሟል፤ ከእንግዲህ ብቻሽን አትከርሚም» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። የፊታችን እሑድ መጥቶ ሊወስዳት ነው። አንድ ክፍል አሰናድቶላታል፤ መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው መኪና ማቆሚያ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱን ይወዳል። የወደደ ሁሉ ግን ያውቃል ማለት አይደለም።

ኢዋኪቺ ደግሞ በመከር፣ የመጀመሪያው በረዶ ሳይወርድ፣ አንድ ቁና እንጉዳይ ይዞላት መጥቶ ነበር። ሻዩን እንደ ልማዱ ሲያቀዘቅዘው ቆየና፣ ዓይኑን ከጽዋው ሳያነሳ፣ «አብረን እንኑር» አላት። «አሁን አትመልሺልኝ» አለ ቸኮል ብሎ። «ክረምቱን አስቢበት። በረዶው በጠጠረ በመጀመሪያው ጠዋት እስከ ጋራው አናት እመጣለሁ። ከደጅሽ ወደ ላይ የተረገጠ መንገድ ካየሁ እወርዳለሁ። ካላየሁ ዞሬ እገባለሁ፤ ሁለተኛም ይህን ነገር አላነሳብሽም።»

ስልክ የለውም ወይ ትሉ ይሆናል። አለው! ግን እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይባላል እንዴ?

ያ ዋዜማ ደረሰ። አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጥርት አለ፤ ነገ እንደሚጠጥር ሕፃን እንኳ ያውቃል። በረዶው ገና ለስላሳ ነው፤ አሁን የተረገጠ መንገድ ሌሊቱን ይደርቅና ጠዋት ከጋራው አናት እንደ ቦይ ጎልቶ ይታያል። ኦቶሜ፣ እሷ በገባችበት ዓመት ሙሽራ ሆና ወደዚህ መንደር የመጣችው ጎረቤቷ፣ ምስጢሩን የምታውቅ ብቸኛ ሰው ናት። አካፋዋን ተደግፋ ደጇ ላይ ቆመችባት።

«ምን ትጠብቂያለሽ? መሸ እኮ!»

«ጉልበቴ…»

«ጉልበቴ? ትናንት ጣሪያ ላይ ወጥተሽ በረዶ ስትንጂ ጉልበትሽ የት ሄዶ ነበር?»

«ኧረ ተይኝ ኦቶሜ! በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል?»

«የቱ ሰው? አምስት ቤት ነው የቀረን። የሁለቱ ጆሮ አይሰማም፤ በአንዱ የሚኖረው ድመት ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ እንደሆንኩ ማለቱን ካለፈው መከር ጀምሬዋለሁ!»

ሺጌኖ ሳቀች። የበረዶ ጫማዋን ከግድግዳው አወረደች። አንደኛውን እግሯን አሰረችና ሌላውን ልታስር ስትል እጇ ቆመ። የጌንዞ ፎቶ ያለባት፣ ለሙታን ሩዝ የሚቀርብባት ትንሿ የጸሎት ሳጥን ከበስተኋላዋ ናት። ከዚህ ቤት ብወጣ ጠዋት ጠዋት ሩዙን ማን ያቀርብለታል? ልጄስ ምን ይላል? ደግሞ ሁለት ሽማግሌ፣ አንዱ ሲስል ሌላው ሲያነክስ፣ ይሄም ጎጆ ሊባል? እንዲህ እያለች፣ አንድ እግሯ የታሰረ አንዱ ያልታሰረ፣ ደፉ ላይ እንደተቀመጠች ብርሃኑ አለቀባት።

ጠዋት ስትነሳ መስኮቱ ሰማያዊ ሆኗል። በሩን ከፈተች። ሜዳው፣ ጋራው፣ ሰማዩ አንድ ላይ ገና ያልነቁ ይመስላሉ፤ ነፋስ የለ፣ ወፍ የለ። የበረዶው ፊት ያንጸባርቃል። እዚያው ደፍ ላይ እንደቆመች ከውስጧ አንድ ነገር ልቅ አለ። የመኪና ማቆሚያው መስኮት ታያትና «አይሆንም!» አለች ጮክ ብላ። ያን ሰው እፈልገዋለሁ። ሻዩን ሲያቀዘቅዝ ማየት እፈልጋለሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምን አለው?

ሩዙን አቀረበችና «ጌንዞ፣ ወሰንኩ። አንተንም ይዤህ እሄዳለሁ፤ እዚያም ሩዝ አለ» አለችው። ጌንዞ በሕይወት ሳለ እንደሚያደርገው ዝም አለ። ዝምታውን እንደ እሺታ ወሰደችው፤ ድሮም እንደዚያው ነበር የምታደርገው።

ጫማዋን አሰረችና ወጥታ መርገጥ ጀመረች። ወይ ጉድ! አንድ ምልክት እንኳ የለም። ብትረግጠው፣ ብትዘልበት፣ በተረከዟ ብትደቃው፣ የጠጠረው በረዶ ጭረት አይዝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደል? ሰባ ክረምት በረዶ ላይ ኖራ፣ መንገድ የሚረገጠው በማታ መሆኑን ከናቷ ማኅፀን ጀምሮ እያወቀች፣ ልቧ የቆረጠው በማለዳ! ወደ ጓዳ ሮጣ የምድጃውን አመድ በባልዲ አወጣችና እየበተነች ወደ ላይ አቀናች።

«ምን እየዘራሽ ነው?» አለች ኦቶሜ ከመስኮቷ።

«መንገድ!»

አመዱ ከማሳዋ ጫፍ ሳያልፍ አለቀ። ኦቶሜ ሳቋ አፈናት፤ ከዚያ ድንገት ሳቋን ትታ፣ «አንቺ ሞኝ! መንገድ መሥራት ትተሽ ሂጃ! አንቺው ሂጂ!» ብላ ጮኸች።

ሺጌኖ ባልዲውን እዚያው ጥላ ሄደች።

በአጥሮች ላይ ሄደች። በሩዝ ማሳዎች ላይ፣ በተቀበረው ወንዝ ላይ፣ በመቃብሮቹ ድንጋዮች ላይ ሄደች፤ ሙታኑ ሁሉ ከእግሯ ሥር ነጭ ለብሰው ተኝተዋል። የፍሬ ዛፎቹ ጫፍ እንደ ቡቃያ ከመሬት ብቅ ብሏል፤ በሌላ ጊዜ አንጋጣ የምታየውን ቅርንጫፍ አሁን ጎንበስ ብላ ነካችው። ጫማዋ ኪው ኪው ይላል፤ ሌላ ድምፅ የለም። በዚሁ በረዶ ላይ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ሙሽራ ሆና ከኩሮታኒ በረዶ ላይ በሚጎተት ጎማ አልባ ጋሪ መጥታ ነበር። ያኔ ጋሪውን ከጎተቱት ጎረምሶች አንዱ ኢዋኪቺ ነበር፤ ጀርባውን ብቻ ነው ያየችው። አሁን ያ ቀን ከፊቷ ይሁን ከኋላዋ መለየት አቃታት። አንዳንዴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ሲወጋት ደግሞ ተመልሳ ሰባውን ትሻገራለች። ሁለቱም ደስ ይላት ነበር።

የጋራው አናት ላይ ግራጫ ቅርፊት ያለው ትልቁ ዛፍ ቆሟል። የግንዱ ሙቀት በዙሪያው ያለውን በረዶ አቅልጦ ጉድጓድ ሠርቷል። ሰው የለም። በጠጣር በረዶ ላይ ደግሞ ማን መጣ ማን ሄደ አይታወቅም። ገና አልደረሰም ይሆን? ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ አየች። እርጥብ የመንደሪን ልጣጭ ተጥሏል።

መጥቶ ነበር። እዚህ ቆሞ መንደሪን እየበላ ቁልቁል አየ። ጥርት ያለ ነጭ ሜዳ አየ። ተመለሰ።

ሺጌኖ እንባዋ መጣ። አላፈረችም፤ ከማን ታፍራለች? «ኢዋኪቺ!» ብላ ተጣራች። ሸለቆው ስሙን ተቀብሎ ይዞት ሄደ፤ መልስ አልመጣም። ፀሐይ ከፍ ብላለች። አሁን ወደ ቤቷ ብትዞር በሰላም ትገባለች። ቁልቁል ወደ ኩሮታኒ ከወረደች ግን በረዶው ሳይላላ ትደርስ ይሆናል እንጂ ዛሬ መመለሻ የላትም። ይህን አሳምራ ታውቃለች። አፍንጫዋን ጠረገችና ወረደች።

ከቁልቁለቱ ታች በረዶው መክዳት ጀመረ። ጫማው ባይኖር እዚያው ቀርታ ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሁለቱንም ጊዜ የተሳደበችው ኢዋኪቺን ነው።

እሱ ደጁ ላይ ተቀምጧል። የበረዶ ጫማውን እንኳ አልፈታም። ሲያያት ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ።

«አይሆንም ለማለት ይህን ሁሉ መንገድ መልፋት አልነበረብሽም» አለ። «አይቻለሁ።»

«ምን አየህ?»

«ምንም።»

«እኮ! ዕድሜህን ሙሉ በረዶ ላይ የኖርክ ሰውዬ፣ የጠጠረ በረዶ እንደማይረገጥ ጠፋህ?»

«ማታ ትረግጭዋለሽ ብዬ ነዋ!»

«ማታ መች ወስኜ?»

ከጣሪያው ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«ታዲያ መቼ ወሰንሽ?»

«ዛሬ ጠዋት። አመድ ሁሉ በትኛለሁ፤ ኦቶሜ መሳቂያ አድርጋኛለች። አንተ ደግሞ መንደሪንህን ጨርሰህ እብስ! ትንሽ አትጠብቅም? ሻይ ሲሆን ግማሽ ቀን ትቆይ የለ?»

«ፈራሁ» አለ ኢዋኪቺ። «ብዙ ከቆምኩ ምናልባት እያልኩ እስከ ማታ እንዳልቆም ፈራሁ።»

ሺጌኖ አየችው፤ ጢሙ ላይ የቀረውን ውርጭ፣ ቀይ የሆነውን ጆሮውን። እሱ ግን የፖስተኛ ነገር፣ ዓይኑን ወደ ጋራው አነሳ።

«በረዶው እየላላ ነው። የምትመለሺ ከሆነ አሁኑኑ እንነሳ፤ እኔ እሸኝሻለሁ። ከቆየሽ ግን እስከ ነገ ጠዋት…» አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሺጌኖ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱንም እግሯን ወደፊት ዘረጋች። የጫማዎቹ ገመድ በበረዶ ተጋግሮ ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል።

«ፍታልኝ» አለች።

ኢዋኪቺ ተንበረከከ። ቋጠሮውን በትንፋሹ ሊያሞቀው ሞከረ፤ ጣቱ እምቢ አለው።

«ቀስ በል» አለችው ሺጌኖ። «የምሄድበት የለኝም።»