የወታደሩ ድሪቶ

ካርልተን ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የማግዛቸው እንግሊዛዊት አሮጊት አልጋቸው ላይ ያነጠፉትን መጀመሪያ ሳየው ድሪቶ ነው የመሰለኝ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ የሱፍ ቁርጥራጭ፣ እያንዳንዱ የክብሪት ሳጥን የሚያህል፣ ተገጣጥሞ የተሰፋ።

"ማን የሰፋው ይመስልሻል?" አሉኝ።

የአያታቸው አባት ነው። ወታደር ነበር። ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ያረጀ የደንብ ልብስ እየቆረጠ ሰፋው።

"ወንድ! እስቲ አስቢው!" ብለው ሳቁ።

እኔ አልገረመኝም። በእኛ አገር ልብስ ሰፊው ወንድ ነው፤ ባለቤቴም መርካቶ ሲሰፋ ነው የኖረው። ይህን ስነግራቸው ብል የበላውን ቦታ አሳዩኝና "ይጠግንልኝ" አሉ።

ፈራሁ። የሰው ዕቃ ነው፣ ያውም የቅድመ አያት።

"ልጅዎ ይወቅ" አልኳቸው።

"የራሴ ዕቃ ነው" አሉ።

በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ትራም ውስጥ ሰው እንዳይነካብኝ ጭኔ ላይ ይዤ ሰንሻይን ዌስት ቤታችን ወሰድኩት።

ባለቤቴ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል። እዚህ አገር ከገባን መቀሱን ከሻንጣ አውጥቶት አያውቅም። ያን ዕለት ጨርቁን ገልብጦ ስፌቱን አየና "ይሄ ሰውዬስ እጅ አለው" አለ። ልጃችን በእንግሊዝኛ "አባዬ መስፋት ይችላል እንዴ?" ብላ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ስልኳን ትታ ስታየው ያኔ ገና አየሁ።

ከሰልባጅ ሱቅ ቀይ የሱፍ ካፖርት ገዛ። ብል የበላቸውን ቁራጮች ፈትቶ አወጣ፣ ከካፖርቱ እየቆረጠ ተካ፣ አሮጌዎቹን ከክሩ ጋር ጠራርጎ ጣለ። መርካቶ ሰፊዎች ዘንድ የተጠገነበት ቦታ ከታወቀ ሰፊው ያፍራል።

አሮጊቷ በእጃቸው ዳሰው ዳሰው ቦታውን አጡት። ደስታቸው ልክ አልነበረውም።

ከዚያ ልጃቸው መጣ።

"የድሮዎቹ ቁራጮች የታሉ?"

"ተጣሉ" አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ብል ቢበላውም ያ ወታደር በእጁ የቆረጠው ነው፣ ምንም አይተካውም አለ። ገባኝ፤ እውነቱን ነው። ግን "ማን ፈቀደላችሁ?" ሲል እናቱን አየሁ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ "እኔ እንጃ፣ ወስዳው ነው" አሉ።

ወስዳው ነው! ረስተው ይሁን ልጃቸውን ፈርተው እስከ ዛሬ አላውቅም። ብከራከር ማን ያምነኛል? ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የቀጠረኝ ኤጀንሲም በእኔ ቦታ ሌላ ሰው መደበላቸው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀኝ።

"ልጃቸው አየው?"

"አየው።"

"ምን አለ?"

"የቱ ጋ እንደተጠገነ አጣው።"

"አየሽ!" አለ። ለልጃችንም ደገመላት።

አሁን ጎረቤት ሱሪ ያመጣለታል፣ ልጃችንም አጠገቡ ሆና ቁልፍ ትተክላለች። በየጊዜው "እኚያን እናት ሌላ የሚጠገን ካላቸው ጠይቂልኝ" ይለኛል።

"ጠየቅኳቸው፣ የላቸውም" እለዋለሁ።