አዳዳ ይጠይቁት የነበረው

አዳዳ የምላቸው የአባቴ ታላቅ እህት አንድም ቀን የእጅ ኳስ ሜዳ ገብተው አላዩም። ለሴቶች ብሔራዊ ቡድን በተጫወትኩ ቁጥር ግን ከነቀምቴ መጀመሪያ የሚደውሉት እሳቸው ነበሩ። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስንት አገባችሁ?”

ስንት ገባባችሁ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ብዙ ጊዜ ተሸንፈናል፤ አልደብቅም። አንዴ ውጭ አገር በእጥፍ ተሸንፈን ወደ ቤት ስመለስ፣ ከነቀምቴ በፊት መንገድ ላይ ያለችው አኖ ከተማ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝና አብረን የነቀምቴ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርን። እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ። እያፈርኩ “አሥራ ምናምን” አልኳቸው። እሳቸው የሚያውቁት የእግር ኳስን ውጤት ነው፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። ወደ ተሳፋሪው ዞረው “አሥራ ምናምን ጎል አግብተው ነው የመጡት። ተሸነፉ የሚል ካለ እዚሁ ይንገረኝ” አሉ።

ቤት ስንደርስ፣ በእጅ ኳስ ያን ያህል ጎል የተለመደ እንደሆነ፣ ተጋጣሚያችን ደግሞ እጥፉን እንዳገባ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ “ታዲያ የእናንተ ሊሰረዝ ነው?” አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁሌ የሚቀመጡበት ወንበር ባዶውን ነበር፤ ማንም አልደፈረውም። አንድ ዘመዳችን ጠጋ ብሎ “ያ ቡድን ከመሸነፍ በቀር ምን ያውቃል? አሁን እንኳ ብትተዪው” አለኝ።

ተነሥቼ የአዳዳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

“መጀመሪያ ስንት እንዳገባን ጠይቀኝ” አልኩት።