ዲንሳ ከቅጥሩ ውጭ

ዲንሳን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መጀመሪያ ያየሁት ከጀርባው ነው። በእንጦጦ ደብር ደጃፍ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ተቀምጦ በሶ ያሻል፤ ነፋሱ ግን ዱቄቱን ከቅሉ እየዘገነ ይወስድበታል። አንድ ረጅም ሰው መጣና በነፋሱ በኩል ቆሞ ጋቢውን ዘረጋ። ሽማግሌው አሽቶ፣ በልቶ፣ ጣቱን እስኪጠርግ ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቆመ። ከዚያ ጋቢውን ለብሶ ሄደ። ሽማግሌው «ተመስገን፣ ስበላ ነፋሱ ቆመልኝ» አለ።

በሳምንቱ ያው ሰው ሥራ ፍለጋ እኛ ዘንድ መጣ። እኛ ብራና ፋቂዎች ነን። ከደብሩ በታች የፍየል ቆዳ ወንዝ ውስጥ እንዘፈዝፋለን፤ በእንጨት ላይ ወጥረን ጠጉሩን እንፍቃለን፤ ሲነጣ ለጸሐፊዎቹ እንሰጣለን። አለቃችን ያልተጠመቀ እጅ የቤተ ክርስቲያን ብራና እንዲነካ አይፈቅድም ነበር። የዲንሳን አንገት አየ፤ ማተብ አለ። ሌላ አልጠየቀውም።

አምስት ዓመት ጎን ለጎን ሠራን። በየማለዳው ከካራ ድረስ በእግሩ ይመጣል፣ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ሲቆጣ በኦሮምኛ ነው፣ ሲቀልድ በአማርኛ። በሦስት ዓመት ብበልጠው ነው፤ እርሱ ግን «አያ ሣህሌ» ነበር የሚለኝ።

እኔ የኔታ እግር ሥር ተቀምጬ አልተማርሁም። ጸሐፊዎቹ ያበላሹትን የብራና ቅጠል ቀለሙን እንድንፍቅ ይመልሱልናል፤ ፊደል የለየሁት ከዚያ ላይ ነው። ዲንሳ ይህን ካወቀ በኋላ የተበላሸ ቅጠል ሲደርሰው አይነካውም፤ ወደ እኔ ይገፋዋል።

«ይህን አልፍቀውም፤ ገና አላነበብኸውም።»

«አለቃው ቢመጣስ?»

«ቢመጣ ቢላዬን እየሳልሁ ነው። አንተ ግን ፍጠን! ስታነብ በሬ ዳገት ሲወጣ ትመስላለህ።»

«አንተስ አንዲት ፊደል ታውቃለህ?»

«እኔማ ባልፍቀው ዳዊቱም ጠጉር ያበቅል ነበር!»

ዛሬ መጽሐፍ ገልጬ ማንበቤ ከእግዚአብሔር በታች የእርሱ ውለታ ነው።

አንድ እንግዳ ጠባይ ብቻ ነበረው። በበዓል ቀን ሁላችንም የደብሩን ቅጥር አልፈን ስንገባ፣ እርሱ ውጭ ቆሞ ግንቡን ይሳለማል። «ግባ እንጂ» ስለው «እዚህ ይበቃኛል» ይላል። ብቁ አይደለሁም የሚል ብዙ ሰው ስላለ ትሕትና ነው ብዬ አመንሁ። እቤቴም ለሚስቴ «ትሕትናን ከዲንሳ ተማሪ» እላት ነበር።

በ፲፰፻፸፰ ዓመተ ምሕረት፣ በሐምሌ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ወጥታልን ስንወጥር፣ ከላይ ከተራራው ራስ ዝናብ መጣሉን አላየንም። የውኃው ድምፅ ሲለወጥ ዲንሳ «ቆዳዎቹ!» ብሎ ሮጠ። ስድስት ቆዳ ወንዙ ውስጥ በድንጋይ ተጭኖ ነበር።

«ተዋቸው! ፍየል አይጠፋም!» ብዬ ጮኽሁ።

አምስቱን ወደ ዳር ወረወረ። ስድስተኛውን ሊያወጣ ሲያጎነብስ ደራሹ ጎርፍ ያመጣው የጥድ ግንድ ደረቱን መታው። ዓይኔ እያየ ነው። ከእኔ ጋራ የሚሠራው ጉተማና እኔ ጎትተን ስናወጣው ቆዳውን አለቀቀም ነበር። አፉ ደም ቋጠረ። የምንሠራበት ዳስ ውስጥ አስተኛነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ሲቀልድብኝ የነበረ ሰው ነው።

ማምለጫ እንደሌለው እርሱም እኔም አወቅን። ቄስ ሲመጣ እንዳልደናገር ብዬ «ስመ ክርስትናህ ማን ነው?» አልሁት። ያለዚያ ስም ፍትሐት የለም። አምስት ዓመት አብሬው በልቼ ስሙን አለመጠየቄ ያን ጊዜ ገና ታወቀኝና አፈርሁ።

«የለኝም» አለ።

ሕመሙ ያስቀባዠረው መሰለኝ። «ማተቡስ?»

«ራሴ ነኝ ያሰርሁት። የአገሬ ሰው ወንዝ ወርዶ ሲጠመቅ እኔ ከብት ይዤ ቆላ ነበርሁ። ስመለስ ሁሉም የተጠመቅሁ መሰለው። ሥራውን ስፈልግ ክሩን አሰርሁ፤ ኋላ እውነቱን ልናገር ብል አፈርሁ። በውሸት አልገባም ብዬ ነው ውጭ የቆምሁት።»

አጠገቡ ቁጭ አልሁ። ለሰው ሁሉ ያወራሁለት ትሕትና፣ ለካ የተዘጋ በር ኖሯል። ከእርሱ ይልቅ በራሴ ደነገጥሁ፤ አጠገቡ ሆኜ አንድ ቀን «ለምን?» አላልሁትም። እንዲህ ከሞተ ከቅጥሩ ውጭ ይቀበራል፤ ስሙን ጠርቶ የሚጸልይለትም የለም።

«ጉተማ!» አልሁ፤ «ሩጥ፣ ቄሱን ጥራ። ለፍትሐት አይደለም፤ ለጥምቀት ነው በል! ውኃም ይያዝ!»

ጉተማ አፉን ከፍቶ አየኝና በጭቃው እየተንሸራተተ ዳገቱን ወጣ።

«ይጣላኛል?» አለ ዲንሳ።

«ማን?»

«ቄሱ። አለቃውም። የፋቅሁትን ብራና ሁሉ ያቃጥሉ ይሆን?»

«አያቃጥሉም። እግዚአብሔር እጅህን ያውቀዋል።»

ትንሽ ተነፈሰ። እጄን ፈልጎ ያዘ፤ ጣቶቹ እንደ ወንዙ ይቀዘቅዛሉ።

«የሚጠመቅ ሰው የክርስትና አባት ያስፈልገዋል ይላሉ» አለኝ። «እኔ እዚህ ሌላ ሰው የለኝም። አያ ሣህሌ፣ አባት ትሆነኛለህ?»