የጠፈር አዛዡን ለቅሶ የደረስንበት ቤት

ሰው ሞተ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ለቅሶው የት ነው?» ብለን ነው። ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ የወታደር የልጅ ልጅ ነኝ፤ በእኛም በክርስቲያኖቹ ሰፈር በሶማሌዎቹም ሰፈር ሞት ማለት የሚኬድበት ቤት ማለት ነው። አንድ የምንወደው የፊልም ተዋናይ የሞተ ዕለት ግን ግራ ገባን። ሬሳው ባሕር ማዶ ነው፣ ዘመዶቹን አናውቃቸውም፣ እሱም እኛ መኖራችንን ሳያውቅ ነው የሄደው።

ተዋናዩ በአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ የጠፈር መርከብ አዛዥ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሽበታም፣ ቁጡ፣ ግን ሰው ጥሎ የማይሄድ አዛዥ። እኛ የምናየው በሶማሊኛ ተተርጉሞ ነው። የሚተረጉመው የከተማችን ልጅ ሲሆን፣ አንድ ሞባይል ቤት ጓዳ ውስጥ ግድግዳውን በስፖንጅ ፍራሽ ሸፍኖ፣ ማይክ ይዞ፣ የሁሉንም ሰዎች ንግግር ብቻውን ይናገራል። ለሴቷ መሐንዲስ ድምፁን ያቀጥናል፤ ጠላቶቹን በአፍንጫው ያናግራቸዋል። ለአዛዡ የሰጠው ድምፅ ግን ሌላ ነበር፦ ዝግ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ንግግሩን ከመጨረሱ በፊት ትንሽ ቆም የሚል። ከየት እንዳመጣው ደጋግሜ ጠየቅሁት። «ከራሴ ነው» እያለ ይሸሸኛል። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ነገር መተው አልችልበትም፤ እናቴ በዚህ ጠባዬ ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች።

ፊልሙን የማየው ፋርማሲ ከምትሠራ ጓደኛዬ ጋር ነው። ሦስተኛችን ባለባጃጅ ነው። እሱ ባጃጁ ላይ ዘፈን አይከፍትም፤ የፊልሙን ድምፅ ነው የሚከፍተው። መውረጃዋ ደርሶ «ቆይ፣ ይቺን ሰምቼ ልውረድ» ብላ ሰፈሯን ያለፈች ተሳፋሪ ብዙ ናት። አንዷ እኔ ነኝ፤ የተዋወቅነውም እንደዚያ ነው።

ነገሩ የሆነው የኮሮናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሰሞን የተርጓሚው አባት ከአውበሬ መጥተው ልጃቸው ቤት አርፈው ነበር። የመጡት ሊወስዱት ነው። ድንበሩ ላይ ወጃሌ ከተማ አጎቱ ጋ የጉምሩክ ዕቃ የማስጨረስ ሥራ አግኝተውለታል፤ ጓዳ ዘግቶ ለብቻ ማውራት ለእሳቸው ሥራ አይደለም። ልጁ መሄድ አልፈለገም፣ እምቢ ማለትም አልቻለም። «ለምን አንድ ቀን ሥራህን አታሰማቸውም?» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። «አባዬ ከሰማኝ አለቀልኝ» አለኝ። በሃይማኖት ምክንያት መሰለኝ፤ ግን ፍርሃቱ ከዚያ የበለጠ ነበርና ከነከነኝ። የፊልሙ የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ገና አልተተረጎመም።

የተዋናዩ ሞት በስልካችን የደረሰን በዚህ መሐል ነው። ጓደኛዬ ፋርማሲው ውስጥ መድኃኒት እየቆጠረች አለቀሰች። ደንበኛው የእሱ በሽታ የሚያስለቅስ መስሎት ደነገጠ። እኔም አለቀስኩ፤ በማላውቀው ሰው ማልቀሴ እያሳፈረኝ። ባለባጃጁ ግን ለማልቀስም ቦታ ያስፈልገዋል። «ሰውየው እዚህ ዘመድ የለውም እንዴ? አፉ የነበረው ልጅ አለ አይደል፤ ከእኛ ሁሉ እሱ ይቀርበዋል» አለ። ሳቄ መጣ፤ ቢሆንም ስኳርና አንድ ካርቶን ውሃ ገዝተን፣ ሦስታችንም በባጃጁ ለቅሶ ለመድረስ ሄድን። እውነቱን ለመናገር ግማሹን የወሰደኝ ሐዘን ነው፣ ግማሹን እንዴት እንደሚሆን የማየት ጉጉት ነው።

ተርጓሚው በሩን በግማሽ ከፍቶ ሲያየን፣ በተለይ ስኳሩን ሲያይ፣ ገባው። «እዚህ አይሆንም፤ ሻይ ቤት እንሂድ» ብሎ በሹክሹክታ ሊመልሰን ሞከረ።

ከውስጥ አንድ ድምፅ በሶማሊኛ «ማነው? እንግዳ በር ላይ ታቆማለህ... እንዴ?» አለ።

ባለባጃጁ ካርቶኑን ለቀቀው። ጓደኛዬ በሻሿ አፏን ያዘች። ድምፁ የአዛዡ ነበር። ያ ዝግ ያለው፣ ከደረት የሚወጣው፣ ከመጨረሱ በፊት ቆም የሚለው። የሞተብን ሰውዬ ከሳሎን ተጣራ።

ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸውን ሒና የተቀቡ። ከዚያ በፊት አይተናቸውም ሰምተናቸውም አናውቅም። ልጁ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ያኔ የፍርሃቱ ምክንያት ተገለጠልኝ፦ ለዓመታት አባቱን ሲያስመስል ኖሯል፤ ቢሰሙት ቀልደህብኛል እንዳይሉት ነው።

«ማን ሞተባችሁ?» አሉ አባትየው። ጓደኛዬ እንደምንም አስረዳቻቸው። እስላም መሆኑን ጠየቁ፤ አይደለም አልናቸው። ምን ይሉ ይሆን ብዬ አፍ አፋቸውን አየሁ። ትንሽ አሰቡና ስለ ሟቹ ምንም ሳይሉ «ለእናንተ አላህ ሰብር ይስጣችሁ» አሉን። በዚያ ድምፅ ስንጽናና ጓደኛዬ ይባስ ብላ ተንሰቀሰቀች።

«ይህን ያህል ምናችሁ ነው?» አሉ ተገርመው።

ባለባጃጁ ምስጢር አያውቅም። «እንደ እርስዎ ነው የሚናገረው» አላቸው።

ልጁን ዞር ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ «አሰሙኝ» አሉ። ባለባጃጁ ስልኩን አውጥቶ እሱ የሚወደውን ቦታ ከፈተው። መርከቧ እየተቃጠለች ነው፤ ከባልደረቦቹ ሁሉ ትንሹ የሞተር ክፍሉን ለማዳን ብሎ አልወጣም ብሏል። አዛዡ በራድዮ እንዲህ ይለዋል፦ «አቦ፣ መርከቧ ትቅር። እኔ የምፈልገው አንተን ነው።» አቦ ማለት ሶማሌ አባት ልጁን ሲያቆላምጠው የሚጠራበት ነው።

ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ሰሙ። አልተቆጡም። አልሳቁምም። እንደገና ይከፈትልኝ አሉና እንደገና ሰሙ። በሶማሊኛ አባትና ልጅ አንተ ይባባላሉ፤ የተነጋገሩትን እንደሰማሁት ነው የምጽፈው።

«ይህን ብዬህ አላውቅም» አሉት።

«አላልከኝም።»

«ፈረንጁ ነው እንዲህ ያለው?»

«ፈረንጁ ‹ውጣ› ብቻ ነው ያለው» አለ ልጁ። «ሌላውን እኔ ጨመርኩት።»

እኔ መሬት መሬት ማየት ነበረብኝ፤ ግን አላደረግኩትም፣ አባትየውን አየሁ። የስልኩ መብራት እስኪጠፋ ጠበቁ፤ ለባለባጃጁ መለሱለት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ፊልሙ አልቆ እንደሆነ ጠየቁ።

«መጨረሻው ቀርቷል፤ ገና አልተተረጎመም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

«ታዲያ ሳትጨርሰው የት ልትሄድ ነው... አቦ?» አሉት።