አየሩን የሚያነቡ ሰዎች

ልጅ ሳለሁ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላዬ የጋሼ መርዕድ ነበር። እማዬ በምንኖርበት የጀርመን ከተማ፣ ቦርንሃይም በሚባል ሰፈር፣ ዳቦ ቤት ትሠራ ስለነበር ቅዳሜ እስኪመሽ አትመጣም። ስለዚህ የአገር ልጆች ማኅበራችን ጋሉስ ሰፈር ውስጥ በተከራየው አዳራሽ የአማርኛ ትምህርታችን ሲያልቅ፣ ጋሼ መርዕድ እጄን ይዘው በኤስ-ባን ባቡር ሮደልሃይም ወዳለችው ጋርተናቸው፣ ማለትም የአትክልት ቦታቸው፣ ይወስዱኛል። ዘመዳችን አልነበሩም። የማኅበሩ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስና ልጅ ያልወለዱ ሰው ነበሩ። ጋርተኗ ጥግ ላይ ያለችው የእንጨት ጎጆ ኤሌክትሪክ አልነበራትም፤ በኅዳር ቀኑ ቶሎ ስለሚጨልም ፋኖስ ይለኩሱና የደረቀ የፖም ቅርንጫፍ እየሰበሩ የብረት ምድጃው ውስጥ ይማግዳሉ። ጭሱ ጣፋጭ ነበር። ፖም ሰንጥቀው ምድጃው አናት ላይ ያስቀምጡና እሱ እስኪለሰልስ ተረት ይጀምራሉ።

ተረታቸው ሁሉ ከጃፓን ነበር። በወጣትነታቸው ለትምህርት ሄደው ጥቂት ዓመታት ከኖሩ በኋላ አገር ቤት ሲታመስ መመለሻ አጥተው ወደ ጀርመን የመጡ ሰው ናቸው።

«ጀርመን ቅር ሲለው ወረቀት ይጽፋል» ይሉኝ ነበር። «እኛ ሽማግሌ እንልካለን። ጃፓኖች ግን አየሩን ያነባሉ። ሰውዬው ሳይናገር ምን እንደከፋው ይገባቸዋል።»

ምክንያቱንም ይነግሩኝ ነበር። ሩዝ ውሃ ውስጥ የሚበቅል እህል ነው፤ መንደሩ በሙሉ ከአንድ ቦይ ይጠጣል፤ ሁለት ቤት ቢጣላ የሁሉም ማሳ ይደርቃል። ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ያገራችን ገበሬ ግን ከጎረቤቱ ተኳርፎም ያርሳል። ጀርመኖች ደግሞ በሃይማኖት ሰበብ ሲተራረዱ ኖረው ኖረው፣ በመጨረሻ ሁሉን ነገር በውልና በፊርማ ማሰር ተማሩ። ጋሼ መርዕድ እንዲህ እያሉ አገሮችን በፋኖሱ ብርሃን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡልኝ፣ ያኔ ግማሹ ባይገባኝም ድምፃቸውን እወደው ነበር።

ግን አላመንኳቸውም። ተረታቸው ውስጥ የሚናደድ ሰው አልነበረማ። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ይናደዳል፤ እማዬ ስትናደድ የታጠበ ድስት መልሳ ታጥባለች፣ ከታች ያለችው ጎረቤታችን ደረጃው ላይ ማስጠንቀቂያ ትለጥፋለች። አንድም ሰው የማይቆጣበት አገር እንዴት ይኖራል? ቁጣው የት ይሄዳል? እያልኩ ፊታቸውን በጎን አያለሁ።

ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቅዳሜ፣ የአማርኛ መምህራችን ቤቲ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ፊደል ስታምታታባቸው በጥፊ መቷት። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አፍንጫዋ ደማ፣ ደሙም «ረ» ብላ የጻፈችው ላይ ተንጠባጠበ። ሌሎቹ ልጆች ደብተራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ነበሩ፤ እኔም ቶሎ አቀረቀርኩ። ትምህርቱን የምታግዘው እትዬ ስንዱ ከበሩ ላይ አይታ ነበር። በማግስቱ እሑድ፣ ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ ተነሥታ ተናገረች። መምህሩ «ልጅቷ ወድቃ ነው» አሉ። ቤቲ ምንም አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ስንዱን የሰደባት የለም። እኔን የገረመኝም ይኸው ነው። ሰላም ይሏታል፣ ግን አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። የልደት ጥሪ ቀረባት። ሻይ ስትቀዳ «አሁን ጠጣሁ» ይሏታል። በሹክሹክታ «ገመናችንን ለፈረንጅ ልታወጣ ነው፤ መንግሥት ሰምቶ ልጆቻችንን ቢወስድብንስ?» ሲባል ሰምቻለሁ። እማዬም ከሩቅ አንገቷን ነቅንቃ ማለፍ ጀመረች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጋሼ መርዕድ ፖሙን ገና ሳይሰነጥቁ ተረት ጀመሩ። በአንድ የሩዝ መንደር አንዲት ባልቴት ነበረች አሉ። የቦዩ ጠባቂ ውሃውን በስውር ወደ ራሱ ማሳ እንደሚመልስ በሕዝብ ፊት ተናገረች። መንደሩም መክሮ ከዐሥሩ ማኅበራዊ ጉዳይ ስምንቱን ቆረጠባት። የቀሩላት ሁለቱ፣ ቤቷ ቢቃጠል ማጥፋትና ስትሞት መቅበር ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ ባልቴቷ ከየደጁ እየሄደች ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሰላም ተመለሰ፤ ሩዙም አፈራ።

«ሽቲምት ዳስ?» አልኳቸው። ሳላስበው በጀርመንኛ ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ በአማርኛ ደገምኩት፤ «ስለ ጠባቂው ያለችው እውነት ነበር?»

እንጨት ጨመሩ። «ቁም ነገሩ እሱ አይደለም፣ ሜሮን።»

«እኔ ግን መምህሩን አይቻቸዋለሁ። ቤቲ አልወደቀችም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ፋኖሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚያበራ ፊታቸው የማላውቀው ሰው ፊት መሰለኝ።

«ለማን ነገርሽ?» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ተረቱ ለእኔ ታስቦ የተነገረ ነበር። ማየቴን ጠርጥረዋል፣ አፌን በተረት ሊይዙ ነው ያመጡኝ። ያለፉትን ተረቶች ሁሉ መለስ ብዬ መጠርጠር ጀመርኩ። ባቡር ውስጥ እጄን ሊይዙኝ ሲሉ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ስንዱ እውነቷን እንደሆነ ጠርጥሬ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ ሆዴ ግን ሲነድ ነው የከረመው» አለች ቀስ ብላ። «ነገ በሰው ፊት ትናገሪያለሽ? ካልፈለግሽ አላስገድድሽም።»

«እናገራለሁ» አልኩ።

እሑድ በአዳራሹ ተነሣሁ፤ እማዬ ከኋላዬ ቆማለች። «ቤቲ አልወደቀችም። መምህሩ መቷት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ» አልኩ። የቤቲ አባት ልጁ ፊት ተንበርክኮ «መቱሽ?» ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት፤ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። ጋሼ መርዕድ መሬት መሬት ያያሉ። መምህሩ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ አላስተማሩም። ግን ሁሉም ነገር አላማረም። ሦስት ቤተሰብ ማኅበሩን ለቀቀ፣ ትምህርቱ አንድ ዓመት ተዘጋ፣ በእኔና በእማዬ ላይ ፊቱን ያዞረም ብዙ ነበር። እትዬ ስንዱ ግን ያን ቀን እኛ ቤት መጥታ እራት በላች፤ በመሐል እማዬ «ይቅር በይኝ» ስትላት ሰማሁ።

የብርዱን ወራት ሙሉ ጋርተን አልሄድኩም። በሚያዝያ ጋሼ መርዕድ በራችንን አንኳኩ። እማዬ ይግቡ አላለቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም።

«ላንቺ ነው የመጣሁት» አሉኝ ደረጃው ላይ ቆመው። «ባልቴቷ እውነቷን ነበር። አከራዬ ነበረች። ቤቷ እየኖርኩ፣ ያበሰለችውን እየበላሁ፣ መንገድ ላይ ሳገኛት እንዳላየ አልፋት ነበር። እንግዳ ነኝ፣ ምን አገባኝ ብዬ።»

«ይቅርታውስ?»

«ይቅርታ አልጠየቀችም። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ስትሞት መንደሩ በሙሉ ወጥቶ በሥርዓት ቀበራት፤ ሁሉም ጎንበስ አለ። እኔም ጎንበስ አልኩ።»

በሩን አልዘጋሁባቸውም።

አሁን ቢሮ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ጃፓናዊት አለች። ስለ አየር ንባቡ አንድ ቀን ሳነሣባት በጣም ሳቀች፤ እናቷ እሑድ እሑድ በስልክ እንደምትጮህባት፣ አባቷም ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ በፍርድ ቤት እንደኖረ ነገረችኝ። ከዚያ ግን ሳቋን አቁማ፣ «አንዳንዱ ደግሞ እውነት ነው» አለች።

ጋሼ መርዕድ ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ሲኖራቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ እወዳቸዋለሁ። በየማኅበሩ፣ በየስብሰባው ሰው ሁሉ ተስማምቶ ሲያጨበጭብ ግን እጄ አይነሣልኝም፤ ዓይኔ አጠገቡ ወንበር ባዶ የሆነበትን ሰው ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ሄጄ እቀመጣለሁ።