የሁሉም ትሪ

አቦከር ሰፈር ያለውን ቤቴን መዋዕለ ሕፃናት አድርጌ ስከፍት ቀለሙንም ወንበሩንም አስቤበታለሁ። ያላሰብኩት ምሳ ዕቃውን ነው። አንዱ እንቁላልና ሙዝ ሲያወጣ፣ ከጎኑ ያለችው ደረቅ ዳቦዋን በእጇ ትሸፍናለች። የአራት ዓመት ልጅ ማፈርን ከየት ተማረች? እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይሄ ግን በቤቴ አይማሩትም ብዬ ሰፊ ትሪ ገዛሁ። የሁሉም ምሳ እዚያ ላይ ይገለበጣል፣ ሁሉም ከዚያው ይበላል።

ትሪውን የጀመርኩት ዐቢይ ጾም ሲገባ ነበር። ለሙስሊሞቹ እናቶች፣ “ስጋ አትላኩ፣ የእኛ ልጆች አይበሉትም” አልኳቸው። አንዳቸውም አላጠፉም። ለክርስቲያኖቹ ምንም አልተናገርኩም። የሁላችንም ድስት ምስርና ሽሮ ብቻ ነበርና ትዝም አላለኝ።

በፋሲካ ማግስት የልጅ ልጄን ምሳ ራሴ ቋጠርኩ። ከበጉ ጥብስ የተረፈውን ፍርፍር አድርጌ ሞላሁላት። ሁለት ወር ሙሉ ፍርፍር ይዛ የመጣች ልጅ ናት፤ አስተማሪዋ እንደ ወትሮው ትሪው ላይ ገለበጠችው። ብዙዎቹ ዝግ መስሏቸው ስለቀሩ የዕለቱ ልጆች አምስት ብቻ ነበሩ፤ ከሙስሊሞቹ አንዲት። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ሮጬ ገባሁ። ያቺው ሙስሊም ልጅ ጣቷን እየላሰች፣ “እማማ፣ ዛሬ ይጥማል!” አለችኝ።

አስተማሪዋ ጥግ ወሰደችኝ። “አቦ እማማ፣ ዝም ይበሉ። ማን አየ?”

“አንቺ አየሽ።”

“እኔማ አልናገርም።”

“እኔም አይቻለሁ።”

የልጅቷ እናት ፈረስ መጋላ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ከልጆቼ ከግማሽ በላይ የመጡት በእሷ ቃል ነው። እሷ ልጇን ካወጣች ሌሎቹም ይከተላሉ፣ ቤቱም ይዘጋል። ይሄን እያወቅኩ ልጅቷን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

“እንዴ እማማ! እንኳን አደረሰዎ!” አለችኝ ከደንበኞቿ መሃል። ይሄ ባሰብኝ። “ልጄ ምን ሆነች?”

“ደህና ናት። ነይ ወደ ውጭ።”

“እዚሁ ይንገሩኝ።”

“የበዓላችንን በግ ስጋ በልታለች። ከእኔ ቤት የወጣ ነው፣ በእኔ እጅ።”

የምትለካው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ። አንዷ ደንበኛ “አስተግፊሩላህ” አለች። እናትየዋ ውሃ አንስታ የልጇን አፍ አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ስጋ አትላኪ ሲሉኝ እሺ አላልኩም?”

“ብለሻል።”

“ለእርስዎ ሰዎችስ ነግረዋቸዋል?”

“አልነገርኩም። ጾም ስለነበር አልታየኝም።”

“የእኛ ሲሆን ታየዎት!”

ዕድሜዬን ሙሉ ከባለሚዛንም፣ ሰልፍ ከሚያዛባም ተጣልቻለሁ። በአድልዎ የያዘኝ ሰው ግን አልነበረም።

“ልጅ ናት፣ አላህ አይይዝባትም” አለች። “እርስዎን ግን እኔ አለቅዎትም። ትሪው ይቅር።”

“ትሪው አይቀርም!” አልኩ። ወዲያው ምላሴን በነከስኩ ብዬ ተመኘሁ፤ ግን ቀጠልኩ። “ትሪው ከቀረ ያቺ ዳቦዋን የምትሸፍነው ልጅ ምን ትሁን? ስጋው ነው የሚቀር፣ ከሁላችንም።”

“ወላሂ፣ ይቺ አሮጊት!” ብላ ደንበኛዋ ሳቀች። እናትየዋ አልሳቀችም። ልጇን ወደ ሱቋ ውስጥ ሳበች፣ እኔም ብቻዬን ተመለስኩ።

በማግስቱ ገና በጠዋት በር ላይ ቆምኩ። ለሚመጣው ክርስቲያን ወላጅ ሁሉ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ስጋ የለም” እላለሁ። አንዱ አባት፣ “ጾም እኮ ተፈታ፣ እማማ” ሲል “የእኔ በር አልተፈታም” አልኩት። ዓይኔ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ልጆቹ ገብተው መዝሙር ጀመሩ፣ ልጅቷን የሚያመጣው ባጃጅ የለም። በሩን ልዘጋ ስል ደረሰ። እናትየዋ ራሷ ልጇን ይዛ ወረደች።

ሰላም አላለችኝም። ቀጥ ብላ ገብታ የልጅ ልጄን ምሳ ዕቃ ከመደርደሪያው አነሳች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ መለሰችው። የቀሩትንም አንድ በአንድ ከፈተች።

“ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት የምፈትሸው እኔ ነኝ” አለች።

“የሁሉም ከተፈተሸ ነው” አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ የልጇን ምሳ ዕቃ ዘረጋችልኝ። “ይፈትሹ።”

ከፍቼ አሸተትኩ። ድንች ነበር።