በከንፈር የተያዘ ትንፋሽ

ልብስ ሰፊው ለወገቡ ያልሞከረው መድኃኒት የለም። ቅባት ተቀብቷል፣ ቀበቶ ታጥቋል፣ ከፍራሽ ወርዶ ጣውላ ላይ ተኝቷል። ሚስቱ «እኔን ትተህ ጣውላ አገባህ» ብላ ስትስቅ እሱም ሊስቅ ይጀምራል፤ ግን ወገቡ ጨምድዶ ሲይዘው ሳቁን እኩሌታው ላይ ይውጠዋል።

ሐኪሙ «ተመስጦ የሚባል አለ፤ ዓይንን ጨፍኖ ትንፋሽን ማዳመጥ ነው» ቢለው፣ «ዓይኔን ለመጨፈንማ አስተማሪ አልቀጥርም!» ብሎት ወጣ።

ሐሳቡን ያስቀየረው ሕመሙ አይደለም፤ ሥጋ ሻጩ ነው። ትከሻው በር የሚያህለው ይህ ጎረቤት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የልብስ ሰፊውን የልጅ ልጅ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ፣ ሳቋ ወለል ላይ እንደተበተነ አዝራር እየተንከባለለ፣ ቁልቁል አየችውና፣ «አባባ፣ አንተ እኮ አትችልም!» አለችው።

ልቡ እንደ አሮጌ ሐር ተተረተረ። የስፌት መኪናውን እየረገጠ ያንጎራጉር ጀመር፤

ወገቤ ተቆጥቶ ቀና አትበል ቢለኝም፣
ልጄን ለሥጋ ሻጭ አሳልፌ አልሰጥም።

በማግስቱ ከሌሎች ሕመምተኞች ጋር በሐኪሙ ክሊኒክ ምንጣፍ ላይ ተንጋለለ። ተመስጦውን የምታስተምረው ነርስ «ምን አመጣዎት?» ብትለው፣

«ቅናት» አላት።

«እሺ፤ ይተንፍሱ።»

አየሩ ገባ፤ መውጣቱን ግን እንጃ።

«አባባ፣ ከንፈርዎን ለምን ነከሱት?»

«ስፒሉ እንዳይወድቅ ነዋ!» አለ በተዘጋ አፉ። ከዚያ ከንፈሩን ዳበሰ። ምንም የለም። ዕድሜ ልኩን ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ጨርቅ ሲያያይዝ፣ ስፒሉ በሌለበትም ትንፋሹን አፍኖ፣ ጀርባውን ገትሮ ኖሯል ለካ! ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። አጠገቡ የተኛው ሾፌር ወገቡን ይዞ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ አታስቁኝ፣ ታምሜ ነው የመጣሁት!» አለ።

ሳምንታት አለፉ። ሕመሙ አገር ለቆ አልሄደም። ግን ብቅ ሲል ልብስ ሰፊው እንደ ነዝናዛ ደንበኛ «ቁጭ በል፣ ተራህ ይደርሳል» ይለው ጀመር።

አንድ ጠዋት ልጅቷ ሱቁ በር ላይ ቆማ እጆቿን ዘረጋች። ከንፈሩን ፈታ፣ ተነፈሰ፣ በጉልበቱ በርከክ ብሎ አቀፋትና ቀስ እያለ ተነሣ። ያነሣት እስከ ደረቱ ብቻ ነው።

«ሥጋ ሻጩ ጋ ጣሪያ እነካለሁ» አለች።

«እኔ ጋስ?»

ጆሮዋን ደረቱ ላይ ለጠፈችና አሰበች። «እዚህ ውስጥ ነፋስ አለ። አልወርድም።»

ሚስቱ ከሱቁ ጓዳ አየችውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወገብህ!» ብላ ጮኸች።

«ዝም በይ፣ እየተነፈስኩ ነው!»